የመለያ ጨዋታ በሊግ ውድድሮች፤ ጥቅሙ፣ ጉዳቱና የሩቅ ክልሎች ክለቦች ወጪ

በጋምቤላ ክልል ኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኘው የኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በደቡብ ሱዳን በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳቢያ ድንበር ተሻግረው የመጡ ወገኖችን ለመቀበል ነበር። ጣቢያው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያስጠለለ ሲሆን፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። በኩሌም ሆነ በአካባቢው ቀበሌዎች በሚኖሩ ወጣቶች ዘንድ እግር ኳስ ከጊዜ ማሳለፊያ ያለፈ ቦታ አለው። ክልሉ ለብሔራዊ ቡድኑ የተሰለፉትን ኡመድ ኡክሪንና ጋቶች ፓኖምን አፍርቷል፤ ኡመድ በግብፅ ሊግ ለዓመታት ተጫውቷል፤ ጋቶች ደግሞ ከኢትዮጵያ ቡና ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ክለብ አምርቷል። ይህም ሆኖ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. አንስቶ እስከ 2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ድረስ ከጋምቤላ ክልል ወደ ዋናው ሊግ ያደገ አንድም ክለብ የለም።

ለዚህ የሚቀርቡት ምክንያቶች በርካታ ናቸው። የበጀት እጥረት፣ የሜዳና የሥልጠና ችግር፣ ጎበዝ ተጫዋቾች በለጋ ዕድሜያቸው ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ክለቦች መሄዳቸው በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ብዙም ትኩረት ያልተሰጠው ግን ከታችኛው ሊግ ወደ ላይኛው የሚታለፍበት በር በራሱ እንዴት እንደተሠራ ነው። የአንድ ክለብ የዓመት ድካም ውጤት የሚያገኘው በነጥብ ሰንጠረዥ ብቻ ነው ወይስ በመጨረሻ በሚደረግ የመለያ ጨዋታ ጭምር የሚለው ጥያቄ የስፖርት ጋዜጠኞች መከራከሪያ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ክለቦቻችን በአብዛኛው የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደርና ከክልል መንግሥት ካዝና በሚወጣ ገንዘብ በመሆኑ፣ ጉዳዩ የሕዝብ ሀብት አጠቃቀምም ጉዳይ ነው።

በውጭው ዓለም ፕሌይ ኦፍ የሚባለው አሠራር በእኛ አገር የመለያ ጨዋታ፣ አንዳንድ ጊዜም የማሟያ ውድድር በሚል ይጠራል። (አቻ ከተለያዩ በኋላ ከሚመታው የመለያ ምት ጋር በስያሜ ቢቀራረብም ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።) አሠራሩ መደበኛው የሊግ መርሐ ግብር ካበቃ በኋላ የተወሰኑ ክለቦች ብቻ ተመርጠው ለዋንጫ፣ ላለመውረድ ወይም ለማደግ ተጨማሪ ጨዋታ የሚያደርጉበት ነው። ለዋንጫ የሚደረገውና ለማደግ የሚደረገው በአንድ ስም ቢጠሩም በዓላማም ሆነ በውጤት የተለያዩ በመሆናቸው፣ ለይቶ መመልከት ያስፈልጋል።

ለዋንጫ የሚደረገውን የመለያ ውድድር በተመለከተ በቅርብ ዓመታት ብዙ ያነጋገረችው ቤልጅየም ናት። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. ከ2009/10 የውድድር ዘመን ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፣ መደበኛው ውድድር ሲያበቃ የቀዳሚዎቹ ክለቦች ነጥብ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሳቸው እንደገና ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021/22 ከ48 ዓመታት በኋላ ወደ ዋናው ሊግ የተመለሰው ዩኒየን ሴንት ጂልዋዝ መደበኛውን ውድድር በ77 ነጥብ በአንደኝነት አጠናቀቀ። ተከታዩ ክለብ ብሩዥ 72 ነጥብ ነበረው። ነጥቡ ለሁለት ሲከፈልና ግማሹ ወደ ላይ ሲጠጋ የአምስት ነጥቡ ልዩነት ወደ ሦስት ወረደ፤ በመጨረሻም ዋንጫውን ያነሣው ብሩዥ ሆነ። በአሜሪካው ሜጀር ሊግ ሶከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንተር ማያሚ በመደበኛው ውድድር 74 ነጥብ በመሰብሰብ አዲስ ክብረ ወሰን ቢያስመዘግብም፣ በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር በምድቡ ዘጠነኛ ሆኖ በጨረሰው አትላንታ ዩናይትድ ተሸንፎ ከውድድሩ ውጭ ሆኗል።

የአሜሪካው አሠራር የራሱ ምክንያት አለው። በሊጉ መውረድ የሚባል ነገር የለም፤ ክለቦቹም በሁለት ምድብ ተከፍለው ስለሚጫወቱ ሁሉም ከሁሉም ጋር እኩል አይገናኙም። ሁሉም ክለብ ከሁሉም ጋር በደርሶ መልስ በሚጫወትበት ሊግ ግን ለዋንጫ የመለያ ውድድር ማዘጋጀት በአሳማኝ ምክንያት የተደገፈ አይደለም። ማን እንደሚሻል ሠላሳ ያህል ጨዋታ ከተናገረ በኋላ እንደገና መጠየቅ የተመልካች ቁጥርንና የቴሌቪዥን ገቢን ያሳድግ ይሆናል እንጂ ፍትሕን አይጨምርም። ሁለት ክለቦች በነጥብ እኩል ሆነው ሲጨርሱ ብቻ የተለየ ሁኔታ ይፈጠራል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ በእኩል ነጥብ አጠናቀው ዋንጫው በግብ ክፍያ ወደ ጅማ መሄዱ የሚታወስ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ2022/23 ጀምሮ እንዲህ ያለ ሁኔታ በሴሪ አ ሲያጋጥም ሻምፒዮናው በአንድ የመለያ ጨዋታ እንዲለይ ደንግጋለች። በእኛም አገር ቢታሰብበት የሚጎዳ አይመስልም።

ለማደግ የሚደረገው የመለያ ጨዋታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ ረገድ አብዛኛውን ጊዜ በምሳሌነት የምትጠቀሰው እንግሊዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1986/87 የተጀመረው የእንግሊዝ አሠራር ዛሬ የአገሪቱ የእግር ኳስ ባህል አካል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሀደርስፊልድ ታውን በመደበኛው ውድድር አምስተኛ ሆኖ፣ ካገባው ግብ ይልቅ የተቆጠረበት በልጦ ሳለ፣ ሬዲንግን በመለያ ምት አሸንፎ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጓል። ይህ ለአንዳንዶች የአሠራሩ ውበት፣ ለሌሎች ደግሞ ጉድለቱ ማሳያ ነው። የሆነው ሆኖ በእንግሊዝ ከሁለተኛው ሊግ የሚፎካከሩት ክለቦች በሙሉ በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ያሉ፣ እርስ በርስም ሁለት ሁለት ጊዜ የተገናኙ ናቸው። ሦስተኛው ከስድስተኛው እንደሚሻል ሰንጠረዡ ይናገራል። ስለዚህ በዚያ አገር የመለያ ጨዋታ የሚደረገው ውድድሩ እስከ መጨረሻው ሳምንት ሕይወት እንዲኖረው ነው ማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። በአገራችን ከፕሪምየር ሊጉ በታች ያሉት ውድድሮች ከጥንትም በምድብ የተከፈሉ ናቸው። ከ2008 ዓ.ም. በፊት ሁለተኛው እርከን የነበረው ብሔራዊ ሊግ በዞን ተከፍሎ ይካሄድ የነበረ ሲሆን፣ ከየዞኑ የተመረጡት ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰባስበው በሚያደርጉት የማጠቃለያ ውድድር ወደ ፕሪምየር ሊጉ የሚያድጉት ይለዩ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከፍተኛ ሊግ ሲቋቋም ክለቦቹ በሁለት ምድብ ተደለደሉ። በዚያው ዓመት ፕሪምየር ሊጉ ከ14 ወደ 16 ክለቦች እንዲያድግ በመደረጉ አራት ክለቦች በአንድ ጊዜ አደጉ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ግን ለማደግ የተዘጋጀው ቦታ ሦስት፣ ምድቡ ሁለት ሆነ። ሦስተኛውን ቦታ ለመሙላት የሁለቱ ምድቦች ሁለተኛ ደረጃ ያገኙ ክለቦች መገናኘት ነበረባቸው።

እዚህ ላይ ነው የመለያ ጨዋታው ትርጉም የሚለወጠው። የምድብ ሀ ሁለተኛ ከምድብ ለ ሁለተኛ ጋር ዓመቱን ሙሉ ተጫውቶ አያውቅም። የአንዱ 60 ነጥብ ከሌላው 55 ነጥብ ይበልጣል ማለት አይቻልም፤ የተጫወቱት ከተለያዩ ተጋጣሚዎች ጋር፣ በተለያየ ሜዳና በተለያየ ርቀት ተጉዘው ነውና። በእንዲህ ያለ ሊግ የመለያ ጨዋታ ሰንጠረዡ ሊመልሰው ያልቻለውን ጥያቄ የሚመልስ የፍትሕ መሣሪያ ነው።

ውጤቱም አሠራሩን የሚነቅፍ አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. ከፍተኛ ሊግ ጅማ አባ ጅፋርና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ የየምድባቸው አሸናፊ ሆነው በቀጥታ ሲያድጉ፣ መቀሌ ከተማ ሀዲያ ሆሳዕናን በመለያ ጨዋታ አሸንፎ ሦስተኛውን ቦታ ያዘ። ይኸው በመለያ ጨዋታ የገባው ክለብ፣ መቀሌ 70 እንደርታ በሚል ስያሜ፣ በ2011 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዳር ከተማና ደቡብ ፖሊስ በአንደኝነት፣ ሽሬ እንዳሥላሴ በመለያ ጨዋታ አደጉ። በቀጣዩ ዓመት ምድቡን በአንደኝነት ያጠናቀቀው ደቡብ ፖሊስ ወደ ታች ሲመለስ በመለያ ጨዋታ የመጣው ሽሬ በሊጉ ቆየ። ከሁለት ዓመት ተነስቶ አጠቃላይ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይቻልም፤ ሆኖም በመለያ ጨዋታ የሚያድግ ክለብ ደካማ ነው የሚለውን በሰፊው የሚነገር አስተያየት እነዚህ ዓመታት አይደግፉትም።

ሌላው ጥቅም ከሥነ ምግባር ጋር የተያያዘ ነው። በማንኛውም ሊግ የውድድሩ መጨረሻ ሲቃረብ ለማደግም ለመውረድም የማያሰጋቸው ክለቦች ቁጥር ይበዛል። የሚያሳስበው ነገር የሌለው ክለብ ነጥብ በእጅጉ ከሚያስፈልገው ክለብ ጋር ሲገናኝ የመለቃቀቅ ሐሜት መነሣቱ የተለመደ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ዋጋ ካለው ግን ለእርሱ የሚፎካከሩት ክለቦች ስለሚበዙ እንዲህ ያለው ጨዋታ ይቀንሳል።

ጉዳቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። አንድ ክለብ ከኅዳር እስከ ሰኔ የደከመበት ሥራ በአንድ የዳኛ ስህተት፣ በአንድ ተጫዋች ጉዳት ወይም ጭቃ በሆነ ሜዳ ምክንያት ሊበላሽ ይችላል። በእኛ አገር የመለያ ጨዋታ የሚደረግበት ጊዜ የክረምቱ መግቢያ ወይም ራሱ ክረምቱ መሆኑ ይህን ሥጋት ያጎላዋል። የጸጥታው ጉዳይም የሚዘነጋ አይደለም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. የአንዳንድ ክልሎች ክለቦች ግጥሚያዎች በገለልተኛ ሜዳ እንዲደረጉ እስከ መገደድ የደረሰ ውጥረት እንደነበር ይታወሳል። ዓመቱን ሙሉ ተከፋፍሎ የሚታየውን ስሜት በዘጠና ደቂቃ ውስጥ የሚያከማች ጨዋታ ለአዘጋጁ ከተማ አስተዳደርና ለፖሊስ ተጨማሪ ኃላፊነት ነው።

ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚወሰድበት የቅርብ ጊዜ አጋጣሚ ግን በ2013 ዓ.ም. በሐዋሳ የተካሄደው የፕሪምየር ሊግ ማሟያ ውድድር ነው። በትግራይ በተከሰተው ጦርነት ምክንያት መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽሬ በውድድሩ መሳተፍ ባለመቻላቸው ሊጉ በ13 ክለቦች ተካሄደ። ለቀጣዩ ዓመት ቁጥሩን ወደ 16 ለመመለስ ሦስት ቦታ መሙላት ስላስፈለገ፣ ከፕሪምየር ሊጉ ግርጌ የነበሩት አዳማ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ጅማ አባ ጅፋር፣ ከከፍተኛ ሊጉ ሦስት ምድቦች ሁለተኛ ከወጡት ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ሀምበሪቾ ዱራሜና ኮልፌ ቀራንዮ ጋር በአንድ ከተማ ተሰባስበው እንዲጫወቱ ተወሰነ። በመጨረሻም ሦስቱንም ቦታ የያዙት ሦስቱ የፕሪምየር ሊግ ክለቦች ሆኑ። ከታች የመጣ አንድም ክለብ አላለፈም።

ይህ ውጤት በሁለት መንገድ ሊተረጎም ይችላል። በአንድ በኩል በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለው የአቅም ልዩነት ሰፊ መሆኑን ያሳያል። ኢትዮ ኤሌክትሪክ በ2014፣ ሀምበሪቾ ዱራሜ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ምድባቸውን አሸንፈው ወደ ፕሪምየር ሊጉ ቢያድጉም ሁለቱም በአንድ የውድድር ዘመን ተመልሰው መውረዳቸው ለዚህ አስረጂ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። በሌላ በኩል በማሟያው ከተረፉት አንዱ የነበረው ጅማ አባ ጅፋር በቀጣዩ ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ መውረዱ ከላይ የመጣ ክለብ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት እንደማይቻል ያመለክታል። በፕሪምየር ሊጉ ደመወዝ የሚከፈላቸውን ተጫዋቾች በያዘ ክለብና በከፍተኛ ሊጉ በጀት በሚተዳደር ክለብ መካከል የሚደረግ የመለያ ውድድር በሩን ከፈት አድርጎ በሰንሰለት እንደማሰር ነው፤ ዕድል ያለ ይመስላል፣ የሚያልፈው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ደቡብ አፍሪካ ይህንኑ ዓይነት አሠራር፣ ማለትም ከዋናው ሊግ ግርጌ ሁለተኛ የሆነውን ክለብ ከታችኛው ሊግ ሁለተኛና ሦስተኛ ጋር የሚያገናኝ ውድድር፣ በቋሚነት ትጠቀምበታለች። እዚያ ግን ክለቦቹ ደንቡን ከዓመቱ መጀመሪያ አንስቶ እያወቁት የሚገቡበት ነው። የሐዋሳው ውድድር ባልተጠበቀ አገራዊ ሁኔታ የመጣ በመሆኑ አዘጋጆቹን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ አሠራሩ በቋሚነት ይወሰድ ከተባለ ግን የእርከኖቹ የአቅም ልዩነት ቀድሞ መታየት ይኖርበታል።

የምድቡና የቦታው ቁጥር እኩል ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. ከፍተኛ ሊጉ በሦስት ምድብ ተከፍሎ የየምድቡ አሸናፊዎች ሰበታ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ሀዲያ ሆሳዕና ያለ ምንም የመለያ ጨዋታ አደጉ። አሠራሩ ግልጽና ወጪ ቆጣቢ ነው። ነገር ግን በጠንካራ ምድብ ተደልድሎ ሁለተኛ የሆነ ክለብ ዓመቱን ያለ ምንም ውጤት ይጨርሳል፤ የድልድሉ ዕጣ ከጨዋታው ይልቅ ወሳኝ ይሆናል። ከጨዋታ ይልቅ በዕጣ መሸነፍ የበለጠ ያንገበግባል።

ወደ ጋምቤላ ስንመለስ ጥያቄው በገንዘብና በኪሎ ሜትር የሚለካ ይሆናል። የጋምቤላ ከተማ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ውድድሩ በደርሶ መልስ ከሆነ የክልሉ ክለብ በየሁለት ሳምንቱ ይህን መንገድ ወይም ከዚህ የረዘመውን መጓዝ አለበት፤ የሚመጡበት ክለቦችም እንደዚሁ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሪምየር ሊጉ የተለመደው፣ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው የሚጫወቱበት አሠራር ይህን የጉዞ ወጪ ይቀንሳል፤ በአንጻሩ የጋምቤላ ተመልካች ክለቡን በሜዳው የማየት ዕድል አይኖረውም፤ ከመግቢያ ትኬት የሚገኘው ጥቂት ገቢም ይቀራል። ለኩሌና ለኢታንግ ወጣት የራሱን አካባቢ ልጆች በሜዳው ማየት ትልቅ ነገር ነው። ከቅርብ ርቀት የሚታይ ክለብ የሌለው ወጣት የሚያውቀው ሊግ በቴሌቪዥን የሚያየውን የእንግሊዝን ብቻ ይሆናል።

የመለያ ጨዋታ በዚህ ላይ ሲጨመር ለሩቅ ክለብ የሚሰጠው ዕድልም የሚያስከትለው ወጪም እኩል ይታያል። ዕድሉ፣ በአነስተኛ በጀት የሚንቀሳቀስ ክለብ ዓመቱን ሙሉ አንደኛ ሆኖ መዝለቅ ቢያቅተው እንኳ ሁለተኛ ሆኖ በጥቂት ጨዋታ ታሪክ ሊሠራ የሚችል መሆኑ ነው። ወጪው ደግሞ በቀን አቆጣጠር ላይ ይመጣል። የተጫዋቾች ውል በአብዛኛው የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው፤ የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋውም በዚሁ ቀን ነው። ከዚህ ቀን ያለፈ የመለያ ጨዋታ ማለት ውል ማራዘም፣ ተጨማሪ ደመወዝና አበል መክፈል፣ ሆቴል መያዝ ማለት ሲሆን፣ ይህ ሁሉ ከየትኛው ዓመት በጀት እንደሚወጣ የፋይናንስ ቢሮው ባለሙያ መልስ ሊኖረው ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የተወሰነው የክለቦች ወጪ ከአቅም በላይ መሆኑ ስለታመነበት ነበር። በደመወዝ በኩል የተገኘ ቁጠባ በውድድር አደረጃጀት በኩል እንዳይፈስ መጠንቀቅ ተገቢ ነው።

እነዚህ ሁኔታዎች ሲመዘኑ ለአገራችን የሚስማማው አሠራር የሚከተለው ይመስላል። ፕሪምየር ሊጉ በአንድ ሰንጠረዥ እስከተካሄደ ድረስ ለዋንጫ የመለያ ውድድር አያስፈልገውም። ከፍተኛ ሊጉ በምድብ እስከተከፈለ ድረስ ግን ቢያንስ አንድ ቦታ በምድብ ሁለተኞች መካከል በሚደረግ የመለያ ጨዋታ መሞላቱ ከዕጣ የተሻለ ፍትሕ ይሰጣል። ጨዋታው በአንድ ገለልተኛ ከተማ፣ ከሰኔ 30 በፊት ቢጠናቀቅ፤ ከላይኛው ሊግ የሚወርዱትን ከዚህ ውድድር መለየት ይመረጣል። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2022/23 የጊዜ እጥረት ሲያጋጥማት ሊጓን በሁለት ምድብ ከፍላ ስድስት ክለቦችን ሌጎስ ላይ ሰብስባ ኢንዪምባን ሻምፒዮን ማድረጓ፣ ምድብ ባለበት የማጠቃለያ ውድድር አጭርና ሊተገበር የሚችል መሆኑን ያሳያል።

የሚቀረው የጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው። የክልል ምክር ቤቶች የዓመቱን በጀት የሚያጸድቁት በክረምቱ ነው፤ የታችኞቹ ሊጎች የምድብ ድልድልና የውድድር ደንብ ለክለቦች የሚደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከመስከረም በኋላ ነው። ሁለተኛው እርከን ከ2007 እስከ 2013 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ብቻ ከማጠቃለያ ውድድር ወደ ሁለት ምድብ፣ ከዚያም ወደ ሦስት ምድብ ተለዋውጧል። በዚህ ሁኔታ የጋምቤላ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ለስፖርት ኮሚሽኑ የበጀት ጥያቄ ሲያቀርብ ምድቦቹ ስንት እንደሆኑ፣ በደርሶ መልስ ይሁን በአንድ ከተማ እንደሚጫወት፣ ሁለተኛ ቢወጣ ተጨማሪ ጨዋታ ይኑረው አይኑረው ሳያውቅ ነው። የውድድር ደንቡ ቢያንስ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ጸንቶ እንዲቆይ ተደርጎ ከግንቦት በፊት ለክልሎች ቢደርስ፣ የመለያ ጨዋታው ወጪ በመጠባበቂያ ሳይሆን በራሱ የበጀት ርዕስ ሊያዝ ይችላል።